ደም ቅዳና ደም መልስ

ባለፈው ክረምት በሠፈራችን አንዲት እናት በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ፈሶአት፣ ከክሊኒኩ ደም የሚሰጥ ሰው ፍለጋ በየድንኳኑ በተዞረ ጊዜ፣ ብዙዎቻችን አንገታችንን ደፍተን ዝም እንዳልን የሠፈሩ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ከዝምተኞቹ አንዱ እኔ ነበርሁ። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ስለ ደም ዝውውር በቀይና በሰማያዊ ጠመኔ እየሣልሁ ያስተማርሁ ሰው፣ ቁጥሩን ሁሉ በቃሌ የማውቅ ሰው፣ ያን ምሽት ከድንኳኔ ለመውጣት እግሬ ከበደኝ።

በማግሥቱ በውሃ ወረፋ ላይ አንድ የምናከብራቸው አባት እንዲህ አሉ፦ «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ደምም እንደዚሁ ነው። በራሽን የሚኖር ሰው ደሙን አንዴ ከሰጠ ከየት አምጥቶ ይተካዋል?» ማንም አልመለሰላቸውም፤ እኔም አልመለስሁም። ነገር ግን ወደ ድንኳኔ ስመለስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ይኸውም አባታችን የተናገሩት ቃል የእርሳቸው ብቻ አለመሆኑ ነው። የዓለም ታላላቅ ሐኪሞች ከ1,400 ዓመት በላይ የኖሩበት እምነት ነበር። ያ እምነት እንዴት እንደ ተጀመረ፣ እነማን እንደ ተጠራጠሩት፣ በምን ሒሳብ እንደ ፈረሰ ማወቅ ለእኛም ይጠቅመናልና በዚህ እትም እርሱን ልተርክላችሁ ተነሣሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጥንት በግብፅ እስክንድርያ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት፣ ኤራሲስትራቶስ የተባለ ግሪካዊ ሐኪም ነበር። እርሱ ደም የሚሄደው በአንደኛው ዓይነት ሥር ብቻ ነው፤ ሌላው ዓይነት የሚሸከመው አየር ነው እያለ ያስተምር ነበር። ለዚህ ያበቃው ሞኝነት አልነበረም። ሰው ከሞተ በኋላ አስከሬኑ ሲከፈት ደም ቅዳዎቹ በአብዛኛው ባዶ ሆነው ይገኛሉ። ዓይኑ ያየውን ነው የተናገረው፤ ያየው ግን የሞተ አካል ነበር።

ይህን ያፈረሰው ጋሌን ነው። ጋሌን በ129 ገደማ በጴርጋሞን፣ በዛሬዋ ቱርክ ምድር ተወለደ። በወጣትነቱ በአደባባይ ለትርዒት በሰይፍ የሚፋለሙ ሰዎች ሐኪም ስለ ነበረ ብዙ ቁስል አይቷል። በኋላም ሮም ገብቶ እስከ ንጉሠ ነገሥቱ እስከ ማርቆስ አውሬልዮስ ድረስ አክሟል። በሕይወት ያለ እንስሳ ደም ቅዳ በሁለት በኩል አስሮ መካከሉን ቢሰነጥቀው የወጣው አየር ሳይሆን ደም ሆነ። በዚህ ኤራሲስትራቶስን ረታው።

ይሁን እንጂ ጋሌን የሰውን አስከሬን ከፍቶ መማር ስላልቻለ ዕውቀቱን የወሰደው ከጦጣ፣ ከአሳማና ከበሬ ነበር። እንደ ትምህርቱ ከሆነ የበላነው ምግብ በጉበት ውስጥ ደም ይሆናል። ደሙም ከጉበት ተነሥቶ በሥሮች ወደ ሰውነት ይፈስሳል፤ እንደ መስኖ ውሃ የደረሰበትን ሥጋ አጠጥቶ እዚያው ይቀራል። ዞሮ የሚመጣ ነገር የለም። ከደሙ ጥቂቱ የልብን ቀኝና ግራ በሚለየው ግድግዳ ላይ ባሉ በማይታዩ ቀዳዳዎች ወደ ግራ ይሻገራል፤ በዚያም ከሳንባ ከመጣ አየር ጋር ተዋሕዶ የሕይወት መንፈስ ይሆናል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ደም በየቀኑ ከምግብ እየተሠራ በየቀኑ የሚያልቅ ከሆነ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ የሚበላው ያነሰ ሰው ደሙን ቢሰጥ ጉድለቱ አይሞላለትም፤ ይህ የአባታችን ቃል ነው። ሁለተኛው፣ ደም በአንድ ቦታ ሊጠራቀምና ሊበላሽ ስለሚችል ሰው ሲታመም ማፍሰስ ያሻል። በአውሮፓ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ ለትኩሳቱም፣ ለሳንባውም፣ ለራስ ምታቱም ሐኪሙ ስለት ይዞ የሚመጣው በዚህ ትምህርት ነበር። በእኛም አገር መጥፎ ደም ይውጣለት እየተባለ ዋግምት በቀንድ ሲደረግ ያላየ ጥቂት ነው። በዲሴምበር 1799 የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ጉሮሮውን ታሞ ሐኪሞቹ በአንድ ቀን ውስጥ ደጋግመው ብዙ ደም አፈሰሱለት፤ በዚያው ዕለት ማታ አረፈ። አንድ የተሳሳተ ሐሳብ በመጽሐፍ ውስጥ ተኝቶ አይቀርም፤ በሰው ክንድ ላይ ያርፋል።

የጋሌንን ቃል በግልጽ ከተቃወሙት መካከል ቀደም ብሎ የምናገኘው ኢብን አል ነፊስ ነው። በ1213 በደማስቆ አካባቢ ተወልዶ፣ በካይሮ ሐኪምና የሕግ መምህር ሆኖ ኖሮ በ1288 ሞተ። በ1242 ለኢብን ሲና የሕክምና መጽሐፍ ትርጓሜ ሲጽፍ እንዲህ ሲል ደመደመ፦ በልብ መካከል ያለው ግድግዳ ድፍን ነው፤ የሚታይም የማይታይም ቀዳዳ የለውም፤ ስለዚህ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሻገረው ደም በሳንባ በኩል መዞር ግድ ይሆንበታል። ይህ ትክክለኛ ነው። ጽሑፉ ግን ለብዙ ዘመን ተረስቶ ቆየ። በ1924 ሙሕየዲን አል ተታዊ የተባለ ግብፃዊ ሐኪም በጀርመን አገር ሲማር በበርሊን ቤተ መጻሕፍት በእጅ ከተገለበጡት ቅጂዎች አንዱን አግኝቶ ለዓለም አስታወቀ። እኛ በእጅ እየገለበጥን የምናዞረውን ይህን ወረቀት የሚንቅ ሰው ካለ፣ ይህን ያስታውስ።

ስፔናዊው ሚካኤል ሰርቬቱስም በ1553 ስለ ሃይማኖት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ይህንኑ የሳንባ መንገድ ገለጸ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 27 ቀን በጄኔቫ ከተማ ከነሕይወቱ በእሳት ተቃጠለ። የተፈረደበት ስለ ደም በጻፈው ሳይሆን ስለ ሥላሴና ስለ ሕፃናት ጥምቀት ባስተማረው ነበር። ከመጽሐፉ ዛሬ ተርፈው የሚታወቁት ሦስት ቅጂዎች ብቻ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ጣሊያን፣ ወደ ፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ያመራል። በዚያ ዘመን የአካል ትምህርት ሲሰጥ መምህሩ ከፍ ካለ ወንበር ላይ ተቀምጦ የጋሌንን ቃል ያነብባል፤ አስከሬኑን የሚከፍተው ከታች የቆመ ፀጉር አስተካካይ ነበር። መጽሐፉና አስከሬኑ ሳይስማሙ ሲቀሩ ጥፋተኛ የሚባለው አስከሬኑ ነው። እኛ መምህራን በዚህ ከመሳቃችን በፊት ራሳችንን እንመርምር። ስንቶቻችን ነን ከቆምንበት ሰሌዳ ወርደን የምናስተምረውን ነገር በእጃችን የነካን?

ቬሳሊዩስ ግን ወረደ። ቢላዋውን በገዛ እጁ ያዘ። በ1543 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ብዙ የጋሌንን ስሕተት አረመ፤ በ1555 በወጣው ሁለተኛ እትም ደግሞ ደም በዚያ ድፍን ግድግዳ እንዴት ሊያልፍ እንደሚችል እንዳልተገለጸለት ጻፈ። በ1559 የታተመው የሬአልዶ ኮሎምቦ መጽሐፍ ደሙ በሳንባ በኩል እንደሚያልፍ አስረዳ። በ1603 በዚያው በፓዱዋ ያስተምር የነበረው ፋብሪሲዩስ በደም መልሶች ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈቱ ትንንሽ በሮች እንዳሉ በሥዕል አሳየ። ነገር ግን የበሮቹን ጥቅም አልደረሰበትም፤ ደም በብዛት ወደ እግርና ወደ እጅ እንዳይወርድ የሚያዘገዩ መሰሉት። ቁልፉን በእጁ ይዞ በሩን ሳይከፍት ቀረ።

በሩን የከፈተው ተማሪው ነው። ዊልያም ሃርቬይ በ1578 በእንግሊዝ አገር ተወልዶ በ1602 በፓዱዋ ተመረቀ። ወደ አገሩ ተመልሶ በለንደን ሲያክም፣ በኋላም የነገሥታት ሐኪም ሲሆን፣ እባብና እንቁራሪት፣ ውሻና በግ ሳይል የብዙ እንስሳትን ልብ ሲመታ እየተመለከተ ብዙ ዓመት ቆየ። በ1628 በጀርመን ከተማ በፍራንክፈርት 72 ገጽ ያላት ቀጭን መጽሐፍ አሳተመ። የጋሌንን ሕንፃ ያፈረሰችው እርሷ ናት። የመታችውም በማባዛት ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሃርቬይ ተቃዋሚዎቹ ተጋነነ እንዳይሉት ሆን ብሎ ትንሹን ቁጥር ወሰደ። ልብ በአንድ ምት የምታወጣው ደም ግማሽ ወቄት ብቻ ነው እንበል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ልብ ከ1,000 ጊዜ በላይ ትመታለች። ስለዚህ በግማሽ ሰዓት 500 ወቄት፣ በዛሬው ሚዛን 14 ኪሎ ያህል ደም ከልብ ይወጣል ማለት ነው። ይህ በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ ካለው ደም ሁሉ ይበልጣል። ታዲያ ደም በጉበት ውስጥ ከምግብ እየተሠራ ሄዶ የሚቀር ከሆነ፣ በግማሽ ሰዓት 14 ኪሎ ደም የሚሆን ምግብ የሚበላ ማነው? በራሽን ካርድ የምንኖር ሰዎች ይህን ሒሳብ ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገንም። መልሱ አንድ ብቻ ነው፦ ያው ደም ነው የሚዞረው። ከልብ ይወጣል፤ ወደ ልብ ይመለሳል።

ሃርቬይ በሒሳብ ብቻ አልቆመም። ክንድን በጣም አጥብቆ ሲያስር የእጁ ትርታ ይጠፋል፤ መዳፉም እየቀዘቀዘ ይነጣል። ማሰሪያውን ጥቂት ሲያላላው ከሥጋው በታች በጥልቀት የሚሄደው ደም ቅዳ ይከፈታል፤ ከቆዳ ሥር ያለው ደም መልስ ግን ገና እንደ ታሰረ ነው። ያን ጊዜ እጁ ይቀላል፤ ሥሮቹም ያብጣሉ። ደም ገብቶ መውጫ አጥቷልና። ይህን እናንተም በድንኳናችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ክንዳችሁን ከክርን በላይ በጨርቅ መጠነኛ አድርጋችሁ እሰሩ። ያበጠውን አንዱን ሥር ከታች በኩል በአንድ ጣት ጫኑት። በሌላው ጣት ደሙን ወደ ላይ ጠርጋችሁ ከበሩ በላይ አሳልፉት፤ ሥሩ ባዶ ይሆናል። አሁን የላይኛውን ጣት አንሡ፤ ደሙ ወደ ታች ተመልሶ አይሞላውም፤ በሩ ይዞታል። የታችኛውን ጣት አንሡ፤ ወዲያውኑ ከታች ሞልቶ ይመጣል። ከዚያ ማሰሪያውን ቶሎ ፍቱ። ለ1,400 ዓመት ሳይታወቅ የኖረው ነገር ይህ ነው፤ መሣሪያውም አንድ ቁራጭ ጨርቅና ሁለት ጣት ነው።

አንድ ነገር ግን ጐደለው። ደም ከደም ቅዳ ጫፍ ወጥቶ ወደ ደም መልስ መጀመሪያ እንዴት እንደሚሻገር አላየም። መሻገሪያ መኖር አለበት አለ እንጂ ሳያየው በ1657 ሞተ። ከ4 ዓመት በኋላ በ1661 ማርቼሎ ማልፒጊ የተባለ ጣሊያናዊ የእንቁራሪት ሳንባ በአጉሊ መነጽር ሲመለከት ከፀጉር የቀጠኑ ሥሮች ሁለቱን ሲያገናኙ አየ። ክቡ ተዘጋ።

ዛሬ የምናውቀው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ ሙሉ ሰው 5 ሊትር ያህል ደም አለው። ልብ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ያህል ትገፋለች፤ በደቂቃ 70 ጊዜ ብትመታ 5 ሊትር ያህል ይሆናል። እንግዲህ ዐርፈን በተቀመጥንበት ጊዜ እንኳ ደማችንን የሚያህል በየደቂቃው በልባችን ያልፋል። በአንድ ቀን 7,000 ሊትር ነው፤ በሠፈራችን የውሃ በርሜል፣ 200 ሊትር በሚይዘው፣ 35 በርሜል መሆኑ ነው። የቀኙ ልብ ደሙን ወደ ሳንባ ይልካል፤ በዚያ ኦክሲጅን ይቀበላል። የግራው ልብ ደግሞ ወደ መላው ሰውነት ይልከዋል። ኦክሲጅኑን የሚሸከሙት ቀይ ሕዋሳት ናቸው፤ ቅላታቸውም ብረት ካለበት ንጥረ ነገር የተገኘ ነው። የሚወለዱት ጋሌን እንዳለው በጉበት ሳይሆን በአጥንት መቅኒ ውስጥ ነው። እያንዳንዳቸው የሚኖሩት 120 ቀን ያህል ነውና ብንሰጥም ባንሰጥም ያረጀው እየሞተ አዲሱ ይተካል።

በአገራችን «ደም መላሽ» ማለት ለተገደለበት ዘመዱ ገዳዩን የሚያድን ሰው ነው። በሳይንስ ትምህርታችን «ደም መልስ» የተባለው ሥር ግን ደምን ወደ ልብ የሚመልስ ነው። ሁለቱን ቃላት ጐን ለጐን በሰሌዳ ላይ በጻፍሁ ቁጥር ተማሪዎቼ ይሥቁ ነበር። ዛሬ ግን ሣቁ አይመጣልኝም። በመጀመሪያው መንገድ የሄደው ደም ሁሉ ፈስሶ ቀረ እንጂ ለማንም አልተመለሰለትም።

የደም ዝውውር ከታወቀ በኋላ «እንግዲያስ ከአንዱ ወደ ሌላው ማሻገር ይቻላል» ያሉ ተነሡ። በ1667 በፓሪስ ዣን ባፕቲስት ዴኒ የበግ ደም ለሰው ሰጠ። አንድ ሕመምተኛ ከሞተ በኋላ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ሥራው ታገደ። ሐሳቡን እንደ ገና ያነሣው በለንደን የማዋለድ ሐኪም የነበረው ጄምስ ብለንዴል ነው። ያነሣሣውም ከወሊድ በኋላ ደም ፈሶአቸው በፊቱ የሚሞቱ እናቶች ነበሩ። ከ1818 ጀምሮ ከሰው ለሰው ደም ሰጠ፤ አንዳንዶቹ ዳኑ፤ ሌሎቹ ሞቱ። ለምን እንደሆነ አላወቀም። ምክንያቱን በ1901 በቪየና ያገኘው ካርል ላንድስታይነር ነው። የራሱንና የሥራ ባልደረቦቹን ደም ቢደባልቅ አንዳንዱ ሲስማማ አንዳንዱ ይረጋል። ዛሬ ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ እና ኦ የምንላቸው የደም ዓይነቶች የታወቁት በዚህ መንገድ ነው፤ እርሱም በ1930 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ደም በዘርና በቋንቋ አይከፈልም። ሰው ግን ሊከፍለው ሞክሯል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ የጥቁርና የነጭ ደም ተለይቶ ይቀመጥ ነበር፤ ይህም ከጦርነቱ በኋላም ቀጠለ። በጃንዋሪ 1996 ደግሞ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን የለገሡት ደም በሽታን በመፍራት በስውር ይጣል እንደ ነበር በጋዜጣ ሲወጣ፣ በሺሕ የሚቆጠሩት በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጡ። ደም መመርመር ያለበት ለኤች አይ ቪም ሆነ ለጉበት በሽታ ከማንም ቢመጣ አንድ በአንድ ነው። የሰጪው ትውልድ ምርመራ አይሆንም።

አሁን ወደ አባታችን ጥያቄ እንመለስ። ደም ሰጪ በአንድ ጊዜ የሚወሰድበት 450 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ካለው ከአሥር እጅ አንዱን አያህልም። ውሃማው ክፍል በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይተካል፤ ቀይ ሕዋሳቱ በጥቂት ሳምንታት። ብረቱ ግን ይዘገያል፤ እርሱም ከምስር፣ ከባቄላ፣ ከጎመን፣ ከተገኘም ከሥጋ መምጣት አለበት። ስለዚህ አባታችን ግማሽ እውነት ይዘዋል። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ እጅግ የከሳና ደም ያነሰው ሰው መስጠት የለበትም፤ የሰጠም ቢያንስ ሦስት ወር መቆየት አለበት። ይህን የሚለየው ግን ምርመራ ነው፤ ወሬም ፍርሃትም አይደለም።

ያን ሌሊት የእናቲቱ ወንድም እየሮጠ መጣ። ከአንድ አባትና ከአንድ እናት የተወለደ፣ የደም ዘመድ የምንለው ነው። ደሙ ኤ፣ የእርሷ ኦ ሆነና አልተስማማም። የተስማማው በመጨረሻው ረድፍ የሚኖር፣ ከሌላ አገር የተሰደደ፣ በቋንቋ የማንግባባው አንድ ወጣት ነበር። ሰጥቶ ሻይ ጠጥቶ ወደ ድንኳኑ ሄደ። እናቲቱም ሕፃኑም ዛሬ በሕይወት አሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እኔም ሄጄ ተመረመርሁ። ኦ ነኝ። ያን ሌሊት እዚያው አጠገቧ ነበርሁ ማለት ነው።

አባታችን በወረፋው ላይ ለጠየቁት ዛሬ በጽሑፍ መልሻለሁ። ለእናቲቱ ግን የጽሑፍ መልስ አይበጃትም ነበር። ክሊኒኩ ለክፉ ቀን የፈቃደኞችን ስምና የደም ዓይነት በመዝገብ መያዝ ጀምሯል። የእኔ ስም ተጽፏል፤ ከሥሩ ብዙ ባዶ መስመር አለ።